ከጫማ ሰፊው በላይ የነበረው የጥብቅና ቢሮ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንኳ ስልኬ አላረፈም። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዱ ጠጋ ይልና «እትዬ ሰብለ፣ መኪና ከኋላ ገጨኝ፤ የኢንሹራንሱ ሰውዬ ደጋግሞ ኮል እያደረገኝ ነው፤ ላናግረው?» ይለኛል። ሌላዋ ወንድሟ ሥራ ቦታ እንደሞተባት ነግራኝ ማን መክሰስ እንደሚችል ትጠይቀኛለች። «እኔ ጠበቃ አይደለሁም» እላለሁ፤ ይህን ሳልናገር መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ከዚያ ግን ዝም አልልም። «አታናግረው። መጀመሪያ ጠበቃ አማክር» እላለሁ። ልጄ ይህን ስትሰማ እየሳቀች «ማም፣ ጀስት ራይት ኢት ዳውን» ትለኛለች። እኔም እነሆ መጻፍ ጀመርኩ።

አዲስ አበባ ሳለሁ ፍርድ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። አሜሪካ መጥቼ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስገባ ያገኘሁት ሥራ ግን በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ አንሶላ ማጠብና ማጠፍ ነበር። አልጠላሁትም፤ እጄ ግን ታይፕ ይናፍቅ ነበር። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መግቢያ ላይ ጎረቤቴን መኪና ገጭቷት ጠበቃ ጋ ስትሄድ «አብረሽኝ ሂጂና አስተርጉሚልኝ» አለችኝ።

ቢሮው ከጆርጂያ አቬኑ ገባ ብሎ ካለ ጫማ ሰፊ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ደረጃው ቆዳ ቆዳና ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። ጠበቃዋ ሚስ ሎሬን ይባላሉ፤ ስልሳን የተሻገሩ፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። ጎረቤቴ ተናገረች፣ እኔ አስተረጎምኩ። ስንጨርስ ጎረቤቴን ሳይሆን እኔን አዩኝ።

«መጨረሻ ላይ ብዙ ነገር ተናገረች፤ አንቺ በአጭሩ ነገርሽኝ። ምን አስቀረሽ?» አሉኝ።

ደነገጥኩ። «ለኬዙ አይጠቅምም ብዬ ነው። ‹ቤተ ክርስቲያን ስሄድ መስገድ አቃተኝ፤ ሰው ሁሉ ሲሰግድ እኔ ቆሜ እቀራለሁ፣ አፍራለሁ› ነው ያለችው።»

ሚስ ሎሬን ብዕራቸውን አስቀመጡ። «የሐኪም ወረቀት የጉልበቷን አጥንት ይነግረኛል። አደጋው ምን እንደወሰደባት ግን የነገርሽኝ አሁን ነው። የሚጠቅመውን እኔ ልምረጥ፤ አንቺ ሁሉንም ስጪኝ።»

ብዙም ሳይቆይ ደውለው ሥራ እፈልግ እንደሆነ ጠየቁኝ። ደመወዙ ከአንሶላው ብዙ አይበልጥም ነበር። በማግስቱ ግን ቀሚሴን ተኩሼ ያን ደረጃ ወጣሁ።

ሚስ ሎሬን በሜሪላንድም በቨርጂኒያም የመከራከር ፈቃድ ነበራቸው። የሳምንቱን ግማሽ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ግማሹን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል እንሠራለን። የኛ ሰው እዚያ ባሉት የላንድማርክ አፓርትመንቶች ሞልቶ ስለነበር እኔ ከገባሁ በኋላ የአሌክሳንድሪያዋ ክፍል ወንበር አነሳት።

ከእሳቸው የተማርኩት ከሕግ መጽሐፍ የሚገኝ አይደለም። ባለጉዳይ ሲመጣ አደጋውን አይጠይቁም። ጫማቸውን ጠረጴዛው ሥር ያወልቁና «እስኪ ከአደጋው በፊት የነበረውን ማክሰኞ ንገረኝ» ይላሉ። ለምን ማክሰኞ እንደሆነ ጠይቄያቸው «እሑድን ሁሉም ሰው አሳምሮ ይነግርሻል፤ ማክሰኞን የሚያሳምር ሰው የለም» አሉኝ። ሰው እንዴት እንደሚነሳ፣ ልጁን በየትኛው እጁ እንደሚይዝ፣ አውቶቡስ እየሮጠ ይይዝ እንደሆነ ሲናገር ይሰማሉ። ከዚያ በኋላ አደጋው ሲነገር የጎደለው ነገር ራሱ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ሁለተኛው ልማዳቸው አደጋው የደረሰበት ቦታ በእግር መሄድ ነው። ያውም በዚያው ሰዓት። ዝናብ ከነበረ ዝናብ ይጠብቃሉ። የእግረኛውን መንገድ ይሻገሩታል፤ ከዚያ ደግሞ ሾፌሩ ከነበረበት አቅጣጫ ቆመው ያያሉ። የገጨው የጭነት መኪና ከሆነ በሾፌሩ ከፍታ ሆነው ለማየት መሰላል ተውሰው ይወጣሉ። አላፊ አግዳሚው ያያቸዋል፤ እሳቸው ግን ግድ የላቸውም። እኔ መጀመሪያ አፍር ነበር። በኋላ መሰላሉን የምይዘው እኔ ሆንኩ።

ይህ ሁሉ ትጋት ያላዳነን ኬዝ አለ። የአቶ ግርማን ነገር ሳልጽፍ ብቀር ሥራዬን በትክክል አልተናገርኩም።

አቶ ግርማ አገር ቤት ሳሉ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ። እዚህ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ መንገድ ሲሻገሩ መኪና ገጭቷቸው እግራቸው ሁለት ቦታ ተሰበረ። እኛ ጋ የመጡት ግን ዘግይተው ነው። ገና ሆስፒታል ተኝተው ሳለ የገጫቸው ሰው ኢንሹራንስ ደውሎ ቃላቸውን በቴፕ ቀድቷል። እሳቸውም ሰው አክብሮ ሲጠይቅ አክብሮ መመለስ ነው ብለው የተጠየቁትን ሁሉ መልሰዋል።

ቴፑን ሚስ ሎሬን ቢሮ ቁጭ ብለን አዳመጥነው። አንድ ቦታ ላይ ጠያቂው በእንግሊዝኛ «ከመሻገርህ በፊት ግራ ቀኙን አላየህም፣ አይደል?» ይላል። አቶ ግርማም «ኖ» ይላሉ። ጥርት ያለ «ኖ»።

ሚስ ሎሬን ቴፑን አቁመው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ግን ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። እኛ «አላየህም ወይ?» ስንባል ያየን ከሆነ «አይ፣ አይቻለሁ» ነው የምንለው። አቶ ግርማ በሕመምና በመድኃኒት ደንዝዘው ሳሉ ጆሯቸው እንግሊዝኛውን ቢሰማም መልሱ የወጣው ከአማርኛው ነው። እሳቸው «አይ፣ አይቻለሁ» ማለታቸው ነበር፤ ፈረንጁ የሰማው «አዎ፣ አላየሁም» የሚለውን ነው።

ይህ በሌላ ቦታ ቢሆን ትንሽ ነገር ነው። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም በዲሲም የነበረው ሕግ ግን ጨካኝ ነበር፤ ተጎጂው በጥፋቱ ጥቂት እንኳ ድርሻ አለው ከተባለ ምንም አያገኝም። ግማሽ የለ፣ ሩብ የለ፣ ባዶውን ይሄዳል።

ችሎት ላይ ሚስ ሎሬን የቋንቋውን ነገር አስረዱ። አስተርጓሚ ምስክርም ቀረበ። አቶ ግርማ ራሳቸው በሚያምር እንግሊዝኛ «ግራም ቀኝም አይቻለሁ» አሉ። የጎዳቸውም ያ የሚያምር እንግሊዝኛ ነው። የተከሳሹ ጠበቃ «እርስዎ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ፣ አይደል?» ብሎ ቴፑን ደግሞ አሰማ። ዳኞቹ፣ እነዚያ ከየሰፈሩ ተመርጠው የሚቀመጡት ሰዎች፣ ተማከሩና ወጡ። ተሸነፍን።

ሚስ ሎሬን ከፍርድ ቤቱ በር ላይ አቶ ግርማን እጅ ነስተው አልተለዩዋቸውም። ዲሲ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ካለው ቤታቸው ድረስ አብረን ሄድን። አቶ ግርማ ክራንቻቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። ባለቤታቸው ሻይ አቀረቡ፤ ማንም አልነካውም።

«ሕይወቴን ሙሉ ‹የስ› እና ‹ኖ› አስተምሬ» አሉ አቶ ግርማ በአማርኛ፣ ለእኔ። «በአንዷ ‹ኖ› ልሸነፍ?»

ምን እንዳሉ ለሚስ ሎሬን ነገርኳቸው። አላጽናኗቸውም፤ በይግባኝ እናሸንፋለን ብለውም አልዋሹም። «ጌታዬ፣ አይተው እንደተሻገሩ አምናለሁ። ዳኞቹን ማሳመን የእኔ ሥራ ነበር፤ አልቻልኩም» አሏቸው። አቶ ግርማ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ዘረጉላቸው። ሁለቱም ለረጅም ጊዜ አልተላቀቁም። ስንወርድ ሚስ ሎሬን መኪናው ውስጥ አለቀሱ። ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ለራሴ ሥራ አደረግሁት። እያንዳንዱን የአማርኛ ተናጋሪ ባለጉዳይ አስቀምጬ «‹የስ› ወይም ‹ኖ› ብላችሁ አታቁሙ፤ ያደረጋችሁትን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ» እያልኩ አስለማምዳለሁ። በየሰርጉ፣ በየለቅሶው፣ በላንድማርክ አፓርትመንቶች የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሳይቀር ተናገርኩ። አንዳንዱ «ደግሞ ጀመረች» ይላል። ይበል። ኢንሹራንስ ሲደውል «ጠበቃዬን አናግሩ» ብሎ ስልክ መዝጋት ነውር እንዳልሆነ የኛ ሰው ገባው። በዚህ እኮራለሁ።

ሁሉም ጉዳይ እንባ አልነበረም። እትዬ የሺ የሚባሉ ሴት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ይንከባከቡ ነበር። አሮጊቷ፣ ሚስስ ዶሮቲ፣ ልጅ የላቸውም፤ ያላቸው አንድ ግራጫ በቀቀን ነው። አንድ ቀን እትዬ የሺ ደውለው «ሰብልዬ፣ እመቤቴ ለወፋቸው ውርስ ላውርስ እያሉ ነው። አእምሯቸው ተነካ እንዴ?» አሉኝ።

አእምሯቸው ደህና ነበር። ይህ ወፍ ከሰው እኩል ዕድሜ እንደሚኖር ያኔ ነው የሰማሁት። ሚስስ ዶሮቲ የፈሩት እሳቸው ሲሞቱ የወንድማቸው ልጅ ለእንስሳት መደብር እንዳይሸጠው ነው። ሚስ ሎሬን እንደ ልማዳቸው ቤቱ ድረስ ሄደው ወፉን ሊያዩ ፈለጉ። ገና ከበሩ ስንገባ በቀቀኑ ጮክ ብሎ፣ በእትዬ የሺ ድምፅ፣ «ጫማ አውልቁ!» አለ። እኔ በሳቅ ፈረስኩ። ምን እንዳለ ስነግራቸው ሚስ ሎሬን ጎንበስ ብለው በትሕትና ጫማቸውን አወለቁ።

ከዚያ ቁም ነገሩን አስረዱ። በዚያን ጊዜ የሜሪላንድ ሕግ እንስሳን እንደ ወራሽ አይቆጥርም ነበር፤ ወፍ «ድርሻዬን ከለከሉኝ» ብሎ ፍርድ ቤት አይቆምም። ስለዚህ ወፉም ለአሳዳሪው፣ ገንዘቡም ለሰው ነው መሰጠት ያለበት። ሚስስ ዶሮቲ ሁለት ሰው መረጡ፤ አንዱ ወፉን የሚያኖር፣ ሌላው ገንዘቡን ይዞ በአግባቡ መያዙን እያየ ለአሳዳሪው የሚከፍል። ማን ያኑረው ሲባል አሮጊቷ ወደ እትዬ የሺ ዞሩ።

እትዬ የሺ አማተቡ። «በስመ አብ! እኔ የወፍ ሞግዚት?» አሉ። በቀቀኑም «በስመ አብ!» አለ። ነገሩ በዚያው ተቆረጠ። እኔም ከዚያ ወዲህ «ለውሻዬ ላወርስ እችላለሁ?» የሚል ሰው ሲመጣ አልስቅም። አንድ ሰው ከሞተ በኋላ ለሚተርፈው ፍጡር ማሰቡ ምን ያስቃል?

ሚስ ሎሬን ቢሮውን እስኪዘጉ ድረስ አብሬያቸው ሠራሁ፤ ከዚያም በሌሎች ጠበቆች ዘንድ እስከ ጡረታዬ ቆየሁ። ግን ምን ሠራሽ ብባል ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው የሙሉወርቅን ኬዝ ነው።

ሙሉወርቅና ባሏ ጥበቡ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ጎረቤት ትተው ከገበያ ሲመለሱ፣ ዱክ ስትሪት ላይ የእግረኛ መሻገሪያ እያቋረጡ ሳለ፣ የአንድ ድርጅት የጭነት መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ጥበቡን ገጨው። ሙሉወርቅ ጥቂት ወደ ኋላ ቀርታ ስለነበር ተረፈች። ባሏ እዚያው ሞተ።

ለቅሶ ቤት ሄጄ የጠበቃ ነገር ያነሳሁት እኔ አይደለሁም፤ ለቅሶ ላይ ሥራ አልፈልግም። አጎቷ ናቸው ከጊዜ በኋላ ይዘዋት የመጡት። ቨርጂኒያ ውስጥ ለዚህ ዓይነት ክስ ያለው ጊዜ ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ብዙው አልፎ ነበር። እሷ ግን ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ሳታወርድ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

«የባሌን ደም ልሸጥ ነው የመጣሁት?»

አጎቷ «ተይ እንጂ፣ ልጆች አሉሽ» አሉ። እሷ ግን እኔን አየች። ቃል በቃል ለሚስ ሎሬን አስተረጎምኩ። አልቸኮሉም። ጫማቸውን አወለቁ።

«እሱን ማንም አይተምነውም» አሉ። «የቨርጂኒያ ሕግ የሚጠይቀው የቀሩት ሰዎች ምን እንዳጡ ነው። ሕጉ ላይ ‹ሐዘን› የሚለው ቃል ራሱ አለ። ደግሞ ካልከሰስሽ ድርጅቱ ‹ሰውየው ሳያይ መንገድ ገባ› እንዳለ ይቀራል። እነሱ እንዲህ ብለዋል። እንዲህ ነው?»

«ውሸት ነው!» አለች ሙሉወርቅ፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወረደ።

«እንግዲያው ስለ ማክሰኞ ንገሪኝ።»

ሙሉወርቅ ግራ ተጋብታ አጎቷን አየች። ከዚያ ቀስ እያለች ጀመረች። ማክሰኞ ጠዋት እሷ ሆቴል ሥራ ትገባለች፤ ስለዚህ የልጆቹን ፀጉር የሚጎነጉነው ጥበቡ ነበር። «አይችልም ነበር እኮ። የፀጉሩን መሃል መንገድ አጣሞ ያወጣዋል። ትልቋ ‹ዳዲ፣ ኢትስ ክሩክድ› ስትለው ‹ዞረሽ ብትሄጂ ይቃናል› ይላታል።» ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያያት የለም ብለው በኋላ አጎቷ ነግረውኛል። ሳቋ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩ ግን አንድ ቃል ሳላስቀር አስተረጎምኩ።

ጥቂት ቀን ቆይተን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሦስታችን ዱክ ስትሪት ሄድን። ሙሉወርቅ እንድትመጣ አላስገደድናትም፤ ራሷ ናት የፈለገችው። ሚስ ሎሬን መኪናው ከታጠፈበት ጥግ ቆሙ። እኔና ሙሉወርቅ መሻገሪያው ጋ ነን። የእግረኛው መብራት ሲበራ ተያይዘን ወረድን። መሃል ላይ ስንደርስ የሙሉወርቅ ቀኝ እጅ ከፍ ብሎ ወረደ።

«ለማን ነው?» አልኳት።

«ምኑ?»

«እጅሽን አነሳሽ እኮ።»

ቆመች። መኪና እንዳያገኘን ጎትቼ አሻገርኳት። ማዶ ስንደርስ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ጥበቡ ነው እንዲህ ያደረገው» አለች። «መኪናው ቆም ሲልለት ሾፌሩን አመሰገነው። እንዲህ ብሎ። ሁልጊዜ ያመሰግናል፤ እኔ ‹ግዴታው ነው፣ ለምን ታመሰግነዋለህ› እያልኩ እስቅበት ነበር።»

«ይህን ለፖሊስ ነግረሻል?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ወደ ሚስ ሎሬን ሮጥኩ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። ሰው ሾፌሩን ካመሰገነ አይቶታል። ሾፌሩም ቆም ካለ እሱን አይቷል።

ከችሎት በፊት ሁለቱ ወገኖች ጠበቃ ቢሮ ተቀምጠው በመሐላ ቃል ይቀበላሉ። እኔ የቢሮው ሠራተኛ ስለሆንኩ ማስተርጎም አይፈቀድልኝም፤ ገለልተኛ አስተርጓሚ መጣ። ጥጌን ይዤ ተቀመጥኩ። የድርጅቱ ጠበቃ ወጣትና ጨዋ ሰው ነው፤ ድምፁን አላነሳም። እያዋዛ ሲጠይቅ ቆየና «እንግዲህ ባልሽ የጭነት መኪናውን አላየም፣ አይደል?» አላት።

አስተርጓሚው በአማርኛ «አላየም፣ አይደል?» አለ። ሙሉወርቅ ወደ እኔ አላየችም። ቀጥ ብላ ጠያቂውን አየችው።

«‹አይ›ም ‹አዎ›ም አልልህም። ባሌ መኪናውን አይቷል። መኪናው ቆም አለለት፤ ባሌ እጁን አንስቶ ሾፌሩን አመሰገነው። ከዚያ መኪናው ተነሳ።»

ጠያቂው ወረቀቱን ገለጠ፣ መልሶ ገለጠ። ሌላ ጥያቄ የለኝም አለ።

ሾፌሩ ተራው ሲደርስ ሚስ ሎሬን አላዋከቡትም። ጎልማሳ ሰው ነበር፤ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። «መኪናህን ከማንቀሳቀስህ በፊት እጁን ያነሳልህ ሰው ነበር?» አሉት። ጠበቃው ሊያቋርጥ ሲል ሰውዬው ራሱ እጁን አንስቶ አስቆመው። «ነበር» አለ። «ያለፈ መስሎኝ ነው። በየቀኑ አየዋለሁ፤ ያንን እጅ።» ሙሉወርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውየውን በቀጥታ አየችው።

ድርጅቱ ወደ ችሎት ሳይሄድ ኃላፊነቱን ተቀብሎ ታረቀ። ልጆቹ እስኪያድጉ የሚበቃቸውን አገኙ። ቨርጂኒያ ውስጥ ግን የሟች ቤተሰብ ዕርቅ ዳኛ ሳያጸድቀው አይጸናም። ስለዚህ አሌክሳንድሪያ ፍርድ ቤት ቀረብን።

ዳኛው ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። ጠበቆቹ ተራ በተራ ተናገሩ። «ሟች በዕለቱ»፣ «የሟች ሚስት»፣ «የሟች ልጆች»፣ «የሟች ንብረት»... ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም በሕጉ ቋንቋ ነው። ዳኛው ሙሉወርቅን ስምምነቱ ገብቷት እንደሆነ ጠየቋት፤ ገብቶኛል አለች። የምትጨምረው ነገር ካለ አሏት። ሚስ ሎሬን ምንም አላዘጋጁላትም ነበር፤ እኔም እንደዚሁ።

ሙሉወርቅ ተነሳች።

«ክቡር ዳኛ፣ ጠዋት ከገባን ጀምሮ ሟች፣ ሟች ትላላችሁ። እኔ አልቆጣሁም፤ ሥራችሁ ነው። ግን ስሙ ጥበቡ ነው። ጥበቡ አሰጌ።»

አስተርጓሚው ተረጎመ። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቲቤቡ» አሉ።

ሙሉወርቅ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። «ጥ» አለች፣ ምላሷን ከጥርሷ አስጠግታ፣ ለልጅ እንደምታስተምር ቀስ ብላ። «ጥ-በ-ቡ።»

ዳኛው አንዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንደገና ሞከሩ።

«ጥበቡ አሰጌ» አሉ።

«አዎ» አለች ሙሉወርቅ። «እሱ ነው።»